በላይክ የሚለካ ሩጫ

ሩጫን ያህል ፍርዱ ግልጽ የሆነ ነገር በዚህ ዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። ሰዓት አለ፤ መስመር አለ፤ መስመሩን በደረቱ ቀድሞ የነካ አሸነፈ፣ አበቃ። ድርሰት ቢሆን እንከራከራለን። እኔ ራሴ ስንት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከሰው ጋር የተጣላሁት በዚሁ ነው። ታዲያ ሰዓት የዳኘውን ነገር፣ ዓመቱ ሲያልቅ አዳራሽ ተሰብስበው፣ ከረባት አስረው፣ እንደገና በድምፅ የሚዳኙት ለምንድን ነው? የዓለም የዓመቱ ምርጥ አትሌት ስለሚባለው ሽልማት ነው የማወራው። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። ሽልማቱ የእነሱ ስለሆነ ሒሳቡም በእነሱ ይሁን።)

እስቲ 2008ን እናስታውስ። ጥሩነሽ ዲባባ በማርች ወር ኤደንብራ ላይ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆነች። በጁን ኦስሎ ላይ 5,000 ሜትርን በ14:11.15 ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። በኦገስት ቤጂንግ ገባች፤ 10,000ውን በ29:54.66 በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈች፤ ሳምንት ቆይታ 5,000ውን ደገመችው። በአንድ ኦሎምፒክ ሁለቱንም ርቀት ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከዚህ በላይ አንዲት ሯጭ በአንድ ዓመት ውስጥ ምን እንድታደርግ ነው የሚፈለገው? አገር አቋራጩም፣ ክብረ ወሰኑም፣ ሁለቱ ወርቅም ተሟልቶ ሽልማቱ ለየሌና ኢሲንባዬቫ ሆነ።

ሩሲያዊቷን አላቃልልም። በምርኩዝ ዝላይ በዚያው ዓመት የዓለምን ክብረ ወሰን ሦስት ጊዜ አሻሽላለች፤ 5.03፣ 5.04፣ 5.05። ልብ በሉ፤ በየጊዜው አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ። ጀግንነት ነው። ግን የአንዷ ዝላይ ከሌላዋ ሃያ አምስት ዙር ሩጫ በለጠ ያለው ሚዛን የት ነው የተቀመጠው? ማን አየው? ጥሩነሽ ያንን ሽልማት በሩጫ ዘመኗ አንድ ጊዜ እንኳ ሳታገኝ ቀረች።

እዚህ ላይ ስደርስ ቡና ቤት ውስጥ የምሰማው መዝሙር ይመጣል፤ «ድሮስ ይወዱናል እንዴ! ለሐበሻ ይሰጣሉ?» የለም፣ ጎበዝ፣ እንዲህ አይሆንም። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1998፣ ቀነኒሳ በቀለ በ2004 እና በ2005፣ መሠረት ደፋር በ2007፣ ገንዘቤ ዲባባ በ2015፣ አልማዝ አያና በ2016 ተሸልመዋል። ሽልማቱ ክፍል ክፍል ከሆነ በኋላም ትዕግስት አሰፋ በ2023፣ ታምራት ቶላ በ2024 ከስታዲየም ውጪ በሚደረገው ውድድር ተመርጠዋል። ይህ ሁሉ ተቀብለን «ይጠሉናል» ማለት ነውር ነው። ቀነኒሳ በ2008 እና በ2009 ሁለቱንም ርቀት ጠቅልሎ ሳይመረጥ የቀረውም ዩሴይን ቦልት የሚባል መብረቅ ስለወረደበት ነው። 9.58 ሰከንድ ከሮጠ ሰው ጋር ምን ክርክር አለ?

እኔ የምከሰው ጥላቻን አይደለም፤ ዓይንን ነው። ድምፅ ሰጪ ሰው የሚመርጠው ያየውንና ስሙን የሚያውቀውን ነው። የፈተና ወረቀት ሳርም የተማሪውን ስም በወረቀት እሸፍን ነበር። ባልደረቦቼ ይስቁብኝ ነበር። ስም ካዩ በኋላ የሚታረመው ወረቀቱ ሳይሆን ሰውየው መሆኑን ስለማውቅ ነው።

አሜሪካኖች ቤዝቦል የሚሉት ጨዋታ አላቸው። አንዱ በዱላ ኳስ ይመታል፤ ሌሎቹ ሜዳ ላይ ተበታትነው በጓንት ይቀልባሉ። ለቀላቢዎቹ ከ1957 ጀምሮ «የወርቅ ጓንት» የሚባል ሽልማት አለ፤ የሚመርጡት ደግሞ የቡድኖቹ አሠልጣኞች ናቸው፤ የራሳቸውን ተጫዋች መምረጥ አይችሉም። እንግዲህ ከዚህ በላይ አዋቂ ከየት ይመጣል? በ1999 ራፋኤል ፓልሜሮ የሚባለው ተጫዋች ሽልማቱን ወሰደ። ያን ዓመት በዚያ ቦታ ተሰልፎ የቀለበው 28 ጨዋታ ብቻ ነበር! ቀሪውን ጊዜ ሥራው መምታት ነበር። ግን ቀድሞ ሁለት ዓመት ተሸልሟል፤ ስሙ አለ፤ ምቱም ያማረ ነው፤ እጅ በልማድ ወደ ስሙ ሄደ። ዴሬክ ጂተርም አምስት ጊዜ ተሸልሟል፤ ቁጥር የሚቆጥሩት ሰዎች ግን በመቅለብ ደካማ ነው እያሉ ዓመታት ጮኸዋል። በኋላ ከ2013 ጀምሮ ከውጤቱ ሩቡን ያህል በመረጃ ስሌት እንዲሆን አደረጉ። ቢያንስ ሰምተዋል።

እኔ የራያ ልጅ ስለሆንኩ ነገሩ ሩቅ አይሆንብኝም። ቆቦ ሜዳ ላይ ማሽላ ሲያሸት ግሪሳ ወፍ እንደ ደመና ይወርዳል። ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፍ ይዞ፣ ከንጋት እስከ ጀምበር ጥልቂያ የሚጮኸው ልጅ ባይኖር ጎተራ የሚባል ነገር አይኖርም። በዓመቱ መጨረሻ ግን ሞዴል አርሶ አደር ተብሎ የሚሸለመው የማሳው ባለቤት ነው፤ ፎቶ የሚነሳውም እሱ ነው። ወፍ ጠባቂውን ያጨ ኮሚቴ እስካሁን አልገጠመኝም። የጠበቀው እህል ይታያል፤ ሳይበላ የቀረው እህል ግን አይታይማ! በኳሱም ያው ነው፤ የወርቅ ኳስ የሚባለውን ሽልማት ያገኘ በረኛ ከሌቭ ያሺን፣ ከ1963 ወዲህ የለም።

ይህ ሁሉ የቆየ በሽታ ነው። አዲሱ የባሰ ነው። የዓለም አትሌቲክስ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ድምፁን እንዲህ ከፍሎት ነበር፤ ግማሹ የምክር ቤቱ፣ ሩቡ «የአትሌቲክሱ ቤተሰብ» የሚባሉት፣ ሩቡ የሕዝብ። ሕዝቡ ድምፁን የሚሰጠው ደግሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ነው፤ አንድ ላይክ አንድ ድምፅ። ዴሞክራሲ መጣ ተብሎ ተጨበጨበ።

በሴፕቴምበር 2023 ትዕግስት አሰፋ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ጨረሰች። ከነባሩ የዓለም ክብረ ወሰን ላይ ሁለት ደቂቃ ከምናምን ቀነሰችበት። በኦክቶበር ድምፅ ተከፈተ። በዚያው ጊዜ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከኦገስት መግቢያ ጀምሮ ተዘግቶ ነበር። ቆቦ ያለው የእህቴ ልጅ፣ ሯጭ ሁሉ በስም የሚያውቅ፣ ሽልማቱ ከተሰጠ በኋላ በስልክ አገኘኝ።

«ጋሼ፣ ትዕግስት ተሸለመች ሲሉ በሬዲዮ ሰማሁ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ማን መረጣት?»

አስረዳሁት። ምክር ቤቱን፣ ቤተሰቡን፣ ሕዝቡን።

«የቱ ሕዝብ?»

«ኢንተርኔት ያለው ሕዝብ ነዋ።»

ሳቀ። «እኛ እንግዲህ ሕዝብ አይደለንም በለኛ!»

ትዕግስት ተመርጣለችና ምን ቀረብን ይባል ይሆናል። እንግዲያው ወደ 2020 እንመለስ። ለተሰንበት ግደይ በኦክቶበር ቫሌንሲያ ላይ 5,000 ሜትርን በ14:06.62 ሮጣ፣ ያንን የጥሩነሽን የ12 ዓመት ክብረ ወሰን ሰበረች። ከእጩዎቹ አንዷ ሆነች። የሕዝቡ ድምፅ የተሰበሰበው በኖቬምበር ነው። ኖቬምበር 4 ጦርነቱ ሲፈነዳ ደግሞ በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። የወለዳት አገር ላይክ ማድረግ ይቅርና በሕይወት መኖሩን ለዘመዱ መንገር አልቻለም። ሽልማቱን የቬንዙዌላዋ ዩሊማር ሮሃስ ወሰደች፤ በሱሉስ ዝላይ በቤት ውስጥ 15.43 ሜትር ዘላ። ይገባታል አይገባትም ሌላ ክርክር ነው። ከቆቦ አላማጣ በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ከወዲህም ከወዲያም ያለው የራያ ሰው በተራ በተራው ከሕዝብነት ተሰርዟል። በ2021 እና በ2022 ጦርነቱ ቆቦን ራሷን ሲይዛት መብራቱም ስልኩም አብሮ ጠፋ። ኢንተርኔት የዘጉብን ሞናኮ ያሉት ሰዎች አይደሉም፤ ይህን አውቃለሁ፤ የዘጋው ይጠየቅበት። ግን ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ሰው፣ ሚዛኑ ላይ መውጣት የማይችል ሰው እንዳለ ማወቅ የእሱ ሥራ ነው።

«ለአንድ ዋንጫ ይህን ያህል!» የሚሉኝ አሉ። ዋንጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕሬን አላነሳም ነበር። ሯጭ የሚበላው በስሙ ነው። የጫማ ኩባንያ ውል፣ የማራቶን ግብዣ፣ ለመሰለፍ ብቻ የሚከፈል ገንዘብ፣ ሁሉም ከስም ጋር ይሄዳል። ስሙም በእንዲህ ያለ መድረክ ይተከላል። ደግሞ ነገሩ እየሰፋ ነው። የወርቅ ኳስ አዘጋጆች ከ2022 ጀምሮ በወንዶቹ ሽልማት ድምፅ የሚሰጡት በፊፋ ደረጃ እስከ 100 ያሉ አገሮች ጋዜጠኞች ብቻ እንዲሆኑ ወሰኑ። የኢትዮጵያ ጋዜጠኛ ወጣ ማለት ነው። ኳስ የማይችል አገር ኳስ ማየትም አይችልም ተባለ! በዚህ ሒሳብ ግጥም የማይጽፍ ሰው ግጥም አያነብም ልንል ነው።

ለነገሩ እኛስ? እዚህ አገር ቤት ዘፋኙም፣ ተዋናዩም፣ ድምፃዊ ነኝ ባይ ልጅም በስልክ አጭር መልእክት ይመረጣል፤ መልእክቱ በብር ነው፤ አንድ ሰው የፈለገውን ያህል ይልካል። ዘመድ የበዛለት፣ ኪሱ የሞላለት ያሸንፋል። ይህንን በቀጥታ ሐራጅ ብንለው ምን ነበረበት?

ራያ ውስጥ ሽማግሌ ሲቀመጥ ዛፍ ሥር፣ በአደባባይ ነው። የሚፈርደው ሰው ፊቱ ይታያል። «ለምን እንዲህ አልክ?» ቢባል ምክንያቱን ይናገራል፤ ካልተናገረ በሚቀጥለው ጊዜ አይጠራም። ፊፋ በብዙ ነገር የሚወቀስ ድርጅት ነው፤ በዚህ ግን አመሰግነዋለሁ፤ በራሱ ምርጫ የየትኛው አገር አምበልና አሠልጣኝ ለማን እንደሰጠ በስም ያወጣል። አንዳንዱ ለአገሩ ልጅ፣ አንዳንዱ ለጓደኛው ሲሰጥ እናያለን፤ እንስቃለን፤ ሰውየውም ያፍራል። የዓለም አትሌቲክስ ይህን ማድረግ ምን ያቅተዋል? የምክር ቤቱ አባላት ቢበዙ ሠላሳ ሰው አይሞሉም። ስማቸውን ከምርጫቸው ጎን ይጻፉልን፤ ከሥሩም ሁለት መስመር ምክንያት። የላይኩን ቆጠራ ደግሞ ለላይክ ይተዉት፤ «የተመልካች ምርጫ» ብለው ለብቻው ዋንጫ ይስጡት።

እነሱን ከመጠየቅ በፊት ግን የቅርቡን መጠየቅ ይቀላል። «ቤተሰብ» ከሚባሉት ውስጥ የየአገሩ ፌዴሬሽኖች አሉ። የእኛም አትሌቲክስ ፌዴሬሽን አለበት። በየዓመቱ ድምፁን ለማን ሰጠ? በለተሰንበት ዓመት ለማን ሰጠ? በትዕግስት ዓመትስ? መልሱ በአንድ ገጽ ደብዳቤ የሚያልቅ ነው፤ ለጋዜጦች ይላክልን፤ ኢንተርኔት ለማያገኘው ለቆቦው ልጅም በሬዲዮ ይነበብለት።