ለየዘሩ የየራሱ ጊዜ

ኅዳር ገብቷል። የልጆቻችን የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ውጤት ወደ ቤት የሚመጣበት፣ ገበሬው ደግሞ ማጭዱን የሚስልበት ወር ነው። ዛሬ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን እንያቸው።

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ለምንኖር ሰዎች የገበሬው ምርት ሩቅ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. አትክልት ተራ ወደ ሰፈራችን ከመጣ ወዲህ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ በአይሱዙ ተጭኖ በደጃችን ያልፋል። ልጆቻችን የሚያዩት ግን የተለቀመውን፣ የተከመረውንና ዋጋ የወጣለትን ብቻ ነው። እኛም ወላጆቹ ቀስ በቀስ እንደዚያው ለምደናል፤ ዓይናችን የሚያርፈው ውጤቱ ላይ ነው።

በጀሞ አድርጋችሁ፣ ሰበታን አልፋችሁ፣ የጅማን መንገድ ይዛችሁ ወደ ቱሉ ቦሎ ብትሄዱ የበቾን ሜዳ ታገኛላችሁ። በዚህ ወር በዚያ ጥቁር አፈር ላይ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል፣ ስንዴው ደርቆ አጫጁን ይጠብቃል፣ ሽምብራው ግን ገና አረንጓዴ ነው። ሽምብራውን አይቶ «ጓደኞቹ ሲደርሱ ይሄ ምን ሆኖ ነው?» የሚል ገበሬ የለም። ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነው፤ የሚያድገውም አፈሩ ባስቀረው እርጥበት ነው። በሐምሌ ከጤፉ ጋር ቢዘራ ውሃ ይተኛበትና ይበሰብሳል።

ጤፍም የራሱ አመል አለው። አንድ ግራም ስንዴ 25 ፍሬ ገደማ ሲሆን፣ አንድ ግራም ጤፍ ግን ከ2 ሺህ ፍሬ በላይ ነው። ይህን የሚያህል ደቃቅ ዘር ጠልቆ ከተቀበረ መውጫ አቅም የለውም። ስለዚህ መሬቱ ደጋግሞ ይታረስለታል፣ ብዙ ቦታ በከብት ይረገጥለታል፣ ከዚያም ላይ ላዩን ይበተናል። ስንዴ ግን አፈር ሲለብስ ይወዳል።

ነቢዩ ኢሳይያስ ይህን ልብ ብሎት ነበር። በምዕራፍ 28 መጨረሻ ላይ፣ ገበሬ ሳይዘራ ዝም ብሎ ሲያርስ ይኖራል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከዚያም ጥቁር አዝሙዱና ከሙኑ እንደሚበተኑ፣ ስንዴውና ገብሱ ግን በየቦታቸው እንደሚዘሩ ያስረዳል። በውቂያም ጊዜ እንዲሁ ነው፦ ከሙን በበትር ይመታል እንጂ የጋሪ መንኮራኩር አይሄድበትም። ገበሬውን ይህን ያስተማረው አምላኩ ነው ይላል ነቢዩ።

እስቲ ወደ ቤታችን እንመለስ። አንዱ ልጅ በአራት ዓመቱ ያነባል፣ ወንድሙ በሰባት ዓመቱም ፊደል ያደናግረዋል። ትምህርት ቤታቸው አንድ፣ ምሳ ዕቃቸው አንድ ነው። ካርዱ ሲመጣ ግን «ወንድምህን አታይም?» እንላለን። አስጠኚ ይጨመራል፣ ቅዳሜም ትምህርት ይሆናል። ይህ ከሙንን በመንኮራኩር መውቃት ነው። ፍሬው ተገኘ ስንል እንደቀቀዋለን።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ላይ ዘሩን ዘርቶ የሚተኛና የሚነሣ ሰው ምሳሌ አለ። ዘሩ እንዴት እንደሚያድግ ሰውየው አያውቅም፤ መጀመሪያ ቡቃያ፣ ቀጥሎ ዛላ፣ በመጨረሻ የሞላ ፍሬ ይታያል። ሰውየው ሰነፍ አይደለም፤ ዘርቷል፣ ሲደርስም ፈጥኖ ማጭድ ይልካል። በመካከል ግን እጁን መሰብሰብ ያውቃል። እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ እኛ ዘንድ በየሦስት ወሩ ውጤት ይጠየቃል። ስንዴ በሦስተኛ ወሩ ዛላ ቢያወጣም ፍሬው ገና ወተት ነው። ያን ቀን የሚያጭድ ሰው ጎተራው ውስጥ የሚያስገባው የለውም።

ይህ ሲባል ግን ዝም ብሎ መጠበቅ ማለት አይደለም። ገበሬ ያርማል፣ ቡቃያው ሲገረጣም ምክንያቱን ይፈልጋል። ልጃችሁ ከሰሌዳው ማንበብ ካቃተው ዓይኑ ይታይ፣ ሲጠሩት ካልሰማ ጆሮው ይመርመር። የማቴዎስ ወንጌል የእንክርዳድ ምሳሌ የሚያስጠነቅቀን ሌላ ነገር ነው። እንክርዳድ ዛላ እስኪያወጣ ድረስ ስንዴን ይመስላል፤ ቸኩሎ የሚነቅል እጅ ስንዴውንም ይዞ ይወጣል። ዛሬ «ይህ ልጅ ጥያቄ ያበዛል» ብለን የምንነቅለው ነገር ነገ ዋናው ፍሬው ሊሆን ይችላል።

በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይም ቢሆን ይህን ለልጆች ማሳየት ይቻላል። ከሥር የተበሱ ሦስት ዕቃዎች አዘጋጁ። ያልተቆላና ያልተከካ ስንዴና ሽምብራ አንድ ሌሊት ዘፍዝፋችሁ፣ ሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር አልብሷቸው። ጤፉን ግን ላዩ ላይ በትኑት። ለሽምብራው ውሃ አታብዙ። ልጆቹ በየቅዳሜው በማስመሪያ እየለኩ ይጻፉ። አፈሩን ጭረው ለማየት መጓጓታቸው አይቀርም፤ አንዷን ፍሬ ፈቅዳችሁላቸው ሌሎቹን ያስተያዩ። የተጫረችው ምን እንደሆነች ራሳቸው ይነግሯችኋል።

ካርዱ በዚህ ወር እጃችሁ ሲገባ፣ ከወንድሙ ወይም ከጎረቤት ልጅ ጋር ከማስተያየታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ልጅ የትኛው ዘር ነው? ምናልባት በበቾ ሜዳ ላይ አሁን አረንጓዴ ሆኖ የቆመው ሽምብራ ይሆናል። እሱም ይደርሳል።