የእማዬ ጣቶችና ፋይዳ

እማዬ ፌርፋክስ ላይ እንጀራ ስትጋግር አሥራ ስድስት ዓመት ሆናት። አምና ወገቧ ሲያስቸግራት ሥራ ቀይራ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዳ ለመንከባከብ ወሰነች። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለዚህ ሥራ ለመመዝገብ የጣት አሻራ ግዴታ ነው። እኔ ለነርሲንግ ልምምድ ሰጥቼ ስለነበር «አምስት ደቂቃ ነው» ብዬ ይዣት ሄድኩ።

አምስት ደቂቃ አልሆነም። ማሽኑ አውራ ጣቷን እምቢ አለ፤ ሌባ ጣቷንም። ጠረግን፣ ሎሽን ቀባን፣ ደገምን። በኋላ «አልተነበበም» የሚል መልስ መጣ፤ ሁለተኛውም እንደዚያው። ምጣዱና የዕቃ ማጠቢያው ኬሚካል መስመሩን አልፍተውታል። እሷ «ሌባ ብሆን አልያዝም ነበር» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። አሻራ በዕድሜና በእጅ ሥራ እንደሚሳሳ፣ ካፔሲታቢን የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ጭራሽ ሊያጠፋው እንደሚችል ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ሥራውን ያገኘችው ሌላ በር ስለነበረ ነው። አሻራ በጥራት ጉድለት ሁለት ጊዜ ከተመለሰ ኤፍቢአይ በስም እንዲያጣራ መጠየቅ ይቻላል።

በማኅበራችን ስለ ፋይዳ ሲነሳ ግማሹ «ሠለጠንን» ይላል፣ ግማሹ «ሊሰልሉን ነው» ይላል። ስለ ስለላው የሕግ ተማሪዎቻችን ይጻፉ። እኔ ፋይዳን እደግፋለሁ። የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ይጻፍ እንደነበር ቤተሰቦቻችሁን ጠይቁ፤ ፋይዳ ብሔር አይጠይቅም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው ይህ መታወቂያ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለቱን ዓይኖች አይሪስና ፊትን መዝግቦ 12 አኃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል።

የሚያሳስበኝ ደሴ ያለችው አያቴ ናት። 78 ዓመቷ ነው፤ ገና አልተመዘገበችም። የምንልክላት ብር የሚደርሳት በባንክ ነው፣ ባንኮች ደግሞ አሁን ፋይዳ ይጠይቃሉ። የእሷ እጅ ከእማዬ እጅ ይልቅ ስንት ዓመት ሠርቷል!

«ጣት ባይነበብ ፊት አለ» ትሉኝ ይሆናል። አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣችውን ጥናት አንብቡ። ከፊት ላይ ጾታ የሚለዩ ሦስት የገበያ ሶፍትዌሮችን ሲፈትሹ በጥቁር ሴቶች ላይ ስህተቱ እስከ 34.7 በመቶ ደርሷል፤ በነጭ ወንዶች ላይ ከ0.8 በመቶ አላለፈም። ማንነት ማረጋገጥ ሌላ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን የእኛን ፊት ሳያዩ የተሠሩ ማሽኖች ምን እንደሚያደርጉ ያሳያል።

እዚህ ኤርፖርት ካሜራው ፊቴን አይቶ ቶሎ ሲያሳልፈኝ ደስ ይለኛል። ባያውቀኝስ? ሠራተኛ አጠገቡ አለ፤ የአሜሪካ ዜጋ ደግሞ «ፎቶ አልነሳም» ብሎ ፓስፖርቱን በሰው ማስመርመር ይችላል። ለአያቴም የምፈልገው ይህንኑ ነው። በሕንድ አድሃር የተባለው መታወቂያ ሲጀመር፣ አሻራቸው ስላልተነበበ ብቻ የመንግሥት ራሽን ያጡ ድሆች ነበሩ። ጥፋቱ ማሽኑ መሳሳቱ ብቻ አልነበረም፤ ማሽኑ ሲሳሳት «እኔ አውቃታለሁ፣ ትለፍ» የማለት ሥልጣን ያለው ሰው መስኮቱ ላይ መጥፋቱ ነው።

ፋይዳ የተገነባበት ሞሲፕ የተባለው ሥርዓት ኮዱ ክፍት ነው፤ ጣት ለሌለው ወይም ለማይነበብለት ሰው ልዩ ምዝገባም ይፈቅዳል። ከተመራቂዎቻችን መካከል ሶፍትዌር የምትሠሩ ብዙ ናችሁ። ኮዱን አንብቡልን፤ ያ ልዩ ምዝገባ ባንክ መስኮት ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን በአማርኛ ጻፉልን። እኔ ሐምሌ ላይ ደሴ እሄዳለሁ፤ አያቴን ይዤ የምሰለፈው ያኔ ነው።