ሰይቼንቶን ከነድካሟ

ለመኪና ጌም አሮጌ መኪና የሚሠሩ ልጆችን ሁሉ አንድ ነገር ይፈትናቸዋል። መኪናዋን ከነበረችው በላይ ማሳመር። ቀለሟ ያብረቀርቃል፣ ሞተሯ ሲነሳ ደረት ይነዝራል፣ ኩርባ ላይ አስፋልቱን ሙጭጭ ብላ ትይዛለች። ተጫዋቹ ይደሰታል። ያቺ መኪና ግን አይደለችም፤ የሷን ልብስ የለበሰች ሌላ መኪና ናት።

ፌራሪን ለጌም የሚሠራ ሰው የሚቀዳው ጉልበቷን ነው። ፊያት 600ን የሚሠራ ሰው ግን መቅዳት ያለበት ድካሟን ነው። ድካሟን ካስተካከለላት የቀረው ክብ ቆርቆሮ ነው።

ፊያት 600፣ አዲስ አበባ በጣሊያንኛ ቁጥሯ «ሰይቼንቶ» እያለች የጠራቻት፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ወጣች። የነደፋት የፊያቱ መሐንዲስ ዳንቴ ጃኮዛ ነው። ርዝመቷ 3 ሜትር ከ20 ገደማ፣ ክብደቷ 600 ኪሎ የማይሞላ፣ ሞተሯ ከኋላ፣ 633 ሲሲ። ጉልበቷ ወደ 22 የፈረስ ጉልበት ነው። ዛሬ ይህን የሚያህል ጉልበት ያለው ሞተር ሳይክል ላይ ነው። ይቺው መኪና ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ፣ ላዳ ቦታዋን እስኪወስድ ድረስ፣ የአዲስ አበባ ታክሲ ነበረች።

እዚህ ላይ የጌም ሠሪው የመጀመሪያ ስህተት ይመጣል። ከፋብሪካው ወረቀት ላይ 22 የሚለውን ቁጥር ወስዶ ያስገባል። ወረቀቱ ትክክል ነው፤ የተጻፈው ግን እንደ ቶሪኖ ላለ ዝቅተኛ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች። አየሩ ስስ ነው፣ ካርቡራተር ያለው ሞተር የሚተነፍሰው ደግሞ ያንኑ ስስ አየር ነው። ስለዚህ ሩብ ያህሉ ጉልበት ገና ከመነሻው የለም። 22 የነበረው ወደ 17 ይወርዳል።

ሾፌሩና አራት ተሳፋሪዎች ይጨመሩ። አንዱ ሰው 65 ኪሎ ቢሆን አምስቱ 325 ኪሎ ናቸው። ከመኪናዋ ክብደት ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው። አብዛኞቹ ጌሞች መኪናዋን የሚያስነዱት ሾፌሩን ብቻ አስቀምጠው ነው። ባዶ ታክሲ! የታክሲን ሕይወት ሳይጭኑ ታክሲ ሠራን ማለት ይከብዳል።

አሁን ይህችን መኪና ከለገሃር አስነስተን በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት እናውጣት። ሦስተኛ ማርሽ ይደክማል፣ ወደ ሁለተኛ ይወረዳል። ሁለተኛውም ማቃሰት ከጀመረ የቀረው አንደኛ ነው፤ አንደኛ ማርሿ ደግሞ እንደሌሎቹ ማመሳሰያ የለውም። መኪናዋ እየሄደች በጉልበት ከገባ ካምቢዮው ይጮሃል። ሾፌሩ ወይ መቆም አለበት፣ ወይ ደብል ፍሪሲዮን መርገጥ፤ ፍሪሲዮን፣ ዜሮ፣ ትንሽ ነዳጅ፣ እንደገና ፍሪሲዮን፣ ማርሽ። ይህን ሁሉ ዳገት ላይ፣ ከኋላ ሌላ መኪና ተጠግቶ ክላክስ እያስጮኸ። የመኪናዋ እውነት ያለው እዚያች ሰከንድ ውስጥ ነው። ጌሙ አንድ ቁልፍ ሲነካ አንደኛ ማርሽ ሰተት ብሎ የሚገባ ከሆነ ፓራፋንጎዋ በሚሊሜትር ተለክቶ ቢሠራ ምን ዋጋ አለው?

የውሃው ነገርም አለ። በዚህ ከፍታ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ 92 አካባቢ ይበቃዋል። የሰይቼንቶ ራዲያተር ከፊት ንፋስ የሚገጥመው ሳይሆን ከኋላ ከሞተሩ ጎን የተወሸቀ ነው። (አባርት ከዚህችው መኪና ያወጣቸው የውድድር መኪኖች የኋላ ክዳናቸውን ከፍተው የሚሮጡት ለአምሮት ብቻ አልነበረም።)

«ጌም እኮ ነው፣ ሰው የሚጫወተው ለመዝናናት ነው» የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም። ግራን ቱሪስሞ ውስጥ የ1968ቷ ፊያት 500 ኤፍ አለች፤ ብዙ ተጫዋች መጀመሪያ የሚያደርገው ጉልበት መጨመር ነው። ይዝናና፣ ማንም አይከለክለውም። ነገር ግን 700 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ስህተትን ይሸፍናል፤ ነዳጅ ሲረገጥ የጠፋው ፍጥነት ተመልሶ ይመጣል። 17 ያላት መኪና ይቅርታ አታውቅም። ዳገቱ ሳይመጣ ማሰብ፣ ፍሬን መቆጠብ፣ የያዙትን ፍጥነት እንደ ደመወዝ አብቃቅቶ መጠቀም ያስፈልጋል። ከዚህ የተሻለ ጨዋታ የት ይገኛል?

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ትክክለኛዋ ሰይቼንቶ የትኛዋ ናት? ከፋብሪካ የወጣችው ወይስ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠራችው? ሁለቱም መልስ ያስኬዳል፤ የማያስኬደው አንዷን ሠርቶ የሌላዋን ስም መስጠት ነው። የፋብሪካዋ መረጃ አይጠፋም። ንድፉ አለ፣ መኪናዋም ሙዚየም ውስጥ ተወልውላ ቆማለች፤ ካሜራ ይዞ የሄደ ሰው ይለካታል። የሠራችዋ ግን ፋይል የላትም። መሪዋ ምን ያህል ይላላ እንደነበር፣ ባሌስትራዋ ሲደክም ፊቷ ወዴት ያደላ እንደነበር፣ ማርሚታዋ ተበጣጥሶ ሲበየድ ድምፅዋ እንዴት ይለወጥ እንደነበር የሚያውቁት የነዷትና የጠገኗት ሰዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ዛሬ አዛውንት ናቸው።

መንገዱም እየተለወጠ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሰፊው የፒያሳ ክፍል ፈርሷል። ከተማዋን ለጌም የሚሠራ ልጅ ከፎቶ ሕንፃ ማስነሳት ይችል ይሆናል። ድምፅ ግን ከፎቶ አይወጣም። ድምፅ ካልተቀዳ የሌላ መኪና ድምፅ ይለጠፋል፣ ብዙ ጊዜ የሚደረገውም ይኸው ነው።

ከእነዚያ አባቶች ጋር ቁጭ ብሎ ለማውራት የምህንድስና ዲግሪ አያስፈልግም። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፤ የጋራዡ አማርኛ ግማሹ ከጣሊያን የመጣ ነውና መኪናዋን የሠሩት ሰዎች ቢሰሙት ግማሹን ይረዱታል። ሁለት ስልክ ይበቃል። አንዱ ውስጥ፣ ሌላው ከኋላ ማርሚታው አጠገብ ይታሰር። አራት ሰው ይሳፈር፣ የሚነዱት እሳቸው ይሁኑ። ከለገሃር ተነስቶ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ አንደኛ እስኪያስፈልግ ድረስ።