ለድንጋዩ ጥላ፤ ለተማሪውስ?

የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ዝናብ ድንጋያቸውን ስለ ጎዳው፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቤተ መድኃኔ ዓለምን ጨምሮ ለአንዳንዶቹ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ትልልቅ የብረት ጥላ ተተከለላቸው። ስለ ጥላው ክብደት ብዙ ክርክር ተደርጓል፤ መከራከሩም ደግ ነው። እኛ ግን ማንም ስላልተከራከረለት ሌላ ጣራ ልናነሣ እንወዳለን፤ ይኸውም የቆሎ ተማሪው ጎጆ ነው።

ላስታ ደጋ ነው፤ ላሊበላ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ናት። ባላገሩ ክረምቱን ወፍራም ግንብ ባለው ክብ የድንጋይ ቤት ይገፋዋል። ተማሪው ግን ከእንጨትና ከሣር ባበጃት ጠባብ ጎጆ፣ ደበሎውን ተከናንቦ ሐምሌንና ነሐሴን ይሻገራል። ጣራዋ ስታፈስ መደቡም ደበሎውም ይርሳል፤ የራሰ ደበሎ ደግሞ በጭጋግ ቀን አይደርቅም። ጧት አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሊል የሚወጣው ያንኑ ለብሶ ነው።

«ችግር ያስተምራል» የሚሉ መምህራን አሉ። (በዚያው መንገድ ያለፉም አሉባቸውና ቃላቸውን አንንቅም።) ልመናው ትሕትናን ያስተምር ይሆናል፤ የሚያፈስ ጣራ ግን ከሳል በቀር ምን ያስተምራል? ያውም ዜማ በጉሮሮ ለሚማር ልጅ!

ስለዚህ ማኅበራችን ከሰኔ በፊት ለክዳን ሣርና ለላስቲክ የሚሆን መዋጮ ይክፈት። አከዳደኑን የጉባኤ ቤቱ የኔታና ተማሪዎቻቸው ያውቁበታልና እኛ ከዚህ ሆነን አንንደፍላቸው። ከላስታ የመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለፋሲካ ስትወርዱ ስንት ጎጆ እንደሚያፈስ ጠይቃችሁ አስታውቁን።