«ለምን ቀጠሮ አሳለፋችሁ?» ከማለታችን በፊት

ዛሬ ስለ ልብ ህመም ላወራችሁ ነው፤ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ቀን ሥራም ጭምር።

በቅርቡ የ13 ዓመት ልጅ እናቷ ደግፈው አመጧት። ትንፋሽ ያጥራታል፣ ተጋድማ መተኛት አትችልም። ሩማቲክ የልብ ህመም እንዳለባት ከታወቀ ሁለት ዓመት ሆኗል። በየ4 ሳምንቱ መወጋት ያለባትን ፔኒሲሊን ግን ለአምስት ወር አልተወጋችም። እኔም ቆጣ ብዬ «እናቴ፣ ለምን ቀጠሮ አሳለፋችሁ?» አልኳቸው።

«ዶክተርዬ፣ ሰው ቤት ልብስ እያጠብኩ ነው የማሳድጋቸው። እሷን ይዤ ስመጣ ቀኑ ያልቃል፤ የዚያን ቀን የምንበላው የለም» አሉኝ።

አፈርኩ።

ይህ በሽታ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ የሚያመጣው የቶንሲል ህመም በጊዜው ካልታከመ፣ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን ልብ ሊያጠቃ ይችላል። ሲደጋገም የልብ በሮች (ቫልቮች) ይበላሻሉ። በአብዛኛው የሚጀምረው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው።

ባክቴሪያው በትንፋሽና በቅርብ ንክኪ ይተላለፋል። ሦስት ልጆች አንድ ፍራሽ ላይ ከተኙ፣ የአንዱ ቶንሲል ለሌሎቹም ይተርፋል። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ በሽታው መቀነስ የጀመረው ፔኒሲሊን በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከመስፋፋቱም በፊት ነው፤ የሰው መኖሪያና ኑሮ ሲሻሻል።

ስለዚህ እኔ የምለው ይሄ ነው፦ «ቀጠሮ እንዳታሳልፉ» ማለት ብቻውን ህክምና አይደለም። መርፌው ከቤታቸው አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ፣ ሥራቸውን በማያስፈታ ሰዓት መሰጠት አለበት። እኛ ሐኪሞችም ከመቆጣታችን በፊት «ስንት ሆናችሁ ነው የምትኖሩት? እዚህ መምጣት ምን ያሳጣችኋል?» ብለን እንጠይቅ።

እናንተ ደግሞ፦

✅ ልጃችሁ ትኩሳት ኖሮት፣ ሳልና ንፍጥ ሳይኖረው ጉሮሮውን ካመመው ቶሎ አሳዩት። እንጥል ማስቆረጥ መፍትሔ አይደለም፤ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ያጋልጣል።

✅ ህመም ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው እየዞረ ካስቸገረው «የእድገት ነው» ብላችሁ አትለፉት።

✅ መርፌ የጀመረ ልጅ ደህና ቢሆንም ሐኪም ሳያማክር አያቋርጥ። መንገዱ ከራቀባችሁ አትጥፉ፤ «በቅርቤ ላለው ጤና ጣቢያ ጻፉልኝ» በሉ።

✅ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ካልሆናችሁ ቀበሌያችሁን ጠይቁ።

ልጅቷ አሁን ትንፋሿ ተሻሽሏል። የተበላሸው የልብ በር ግን በመርፌ አይመለስም፤ ቀዶ ጥገና ሳያስፈልጋት አይቀርም። መርፌዋን ሰፈሯ ያለው ጤና ጣቢያ እንድትወጋ ጽፌላታለሁ። ይህን ወረቀት መጻፍ ሁለት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። ከአምስት ወር በፊት የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም።

ለሚመለከተው ሰው ሼር አድርጉት።