የሆድ ሕመም የመሰለ የመተንፈሻ አካል ሕመም፦ በወገዳና በአካባቢዋ የሚገኙ ታካሚዎች ሊያውቁት የሚገባ ጉዳይ

የኮሮና ቫይረስ በሽታ (ኮቪድ-19) በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ መገኘቱ ይፋ የተደረገው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በዚያን ወቅት ለኅብረተሰቡ ሲተላለፍ የነበረው መልእክት በሦስት ምልክቶች ላይ ያተኮረ ነበር፤ እነርሱም ትኩሳት፣ ሳልና ለመተንፈስ መቸገር ናቸው። መልእክቱ አጭርና በቀላሉ የሚያዝ በመሆኑ ጠቅሟል። ይሁን እንጂ በሆዱ የጀመረውን ታካሚ ከቁጥር ውጪ አድርጎታል፤ ይህንን እኛ የኮሙኒኬሽን ባለሙያዎች ልንቀበለው ይገባል።

ምልክቱ ከመጀመሪያው ያልታየ አልነበረም። በአሜሪካ በጥር 2012 ዓ.ም. በቫይረሱ መያዙ በመጀመሪያ የተረጋገጠው ታካሚ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ለሁለት ቀናት ማቅለሽለሽና ማስመለስ ነበረበት፤ ከገባም በኋላ ተቅማጥ ታይቶበታል፤ በዓይነ ምድሩም የቫይረሱ ዘረመል ተገኝቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1995 ዓ.ም. ሳርስ በሆንግ ኮንግ በተነሣ ጊዜ አሞይ ጋርደንስ በተባለ የመኖሪያ ሕንፃ ከ300 በላይ ሰዎች ሲያዙ፣ ከታማሚዎቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ተቅማጥ ነበረባቸው።

የኮሮና ቫይረስ ወደ ሰውነት ሕዋስ የሚገባው ኤሲኢ-2 በተባለ ተቀባይ ፕሮቲን አማካይነት ነው። ይህ ፕሮቲን በሳንባ ብቻ ሳይሆን በትንሹ አንጀት ግድግዳም በብዛት ይገኛል። ስለዚህ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት የዚሁ በሽታ መልኮች ሊሆኑ ይችላሉ።

ምን ያህል ታካሚዎች ላይ ይታያል ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ አጠያየቁ ይለያያል። የዓለም ጤና ድርጅትና የቻይና የጋራ ልዑክ በ55 ሺህ 924 ታካሚዎች ላይ ባወጣው ሪፖርት ትኩሳት በ87.9 በመቶ፣ ደረቅ ሳል በ67.7 በመቶ፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማስመለስ በ5 በመቶ፣ ተቅማጥ ደግሞ በ3.7 በመቶ ታይቷል። በሁቤይ ግዛት 204 የሆስፒታል ታካሚዎች ስለ ሆዳቸው በዝርዝር ሲጠየቁ ግን ግማሽ ያህሉ ምልክት እንደነበራቸው ተናግረዋል፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ የምግብ ፍላጎት ያጡ ናቸው። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላው ግኝት ነው፦ የሆድ ምልክት የነበራቸው ታካሚዎች ሕመሙ ከጀመራቸው በአማካይ በ9 ቀን ወደ ሆስፒታል ሲገቡ፣ ሌሎቹ በ7.3 ቀን ገብተዋል። ሆዱን የታመመ ሰው የሳንባ በሽታ ይዞኛል ብሎ አይጠረጥርምና።

ይህ መዘግየት ለወገዳ፣ ለሲማዳ፣ ለጋይንትና ለእስቴ ነዋሪ ይበልጥ ይከብዳል። ከዓባይና ከበሽሎ ሸለቆ ቆላ ቀበሌዎች ተነሥቶ ወደ ወገዳ የሚወጣ፣ ከዚያም ሪፈር ተጽፎለት ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ ታካሚ የሚያጠፋው ጊዜ በከተማ ካለው ጋር አይነጻጸርም። በቆላው ትኩሳት ሲመጣ ወባ ይጠረጠራል፤ መጠርጠሩም ተገቢ ነው። ሆድ ሲቆርጥ ፌጦ ይወሰዳል፤ ራስ ሲፈልጥና ሰውነት ሲደክም «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል፤ የምግብ ፍላጎት ሲጠፋ በጾም ይመካኛል። ቀጥሎ ከመድኃኒት መደብር ያለ ትእዛዝ ሜትሮኒዳዞል ይገዛል። መድኃኒቱ በቫይረስ ላይ አይሠራም፤ ይባስ ብሎ ማቅለሽለሽን ሊያመጣ ይችላል። ባህላዊውን መንገድ ለመንቀፍ አይደለም፤ ችግሩ ሦስትና አራት ቀን በዚህ ሲያልፍ ትንፋሽ ማጠር መጀመሩ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ነሐሴ 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ባሻሻለው የተጠርጣሪ መለያ ውስጥ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና ተቅማጥ ተካትተዋል። በመሆኑም ተገልጋዮች በጤና ኬላ፣ በጤና ጣቢያም ሆነ በሆስፒታል የመጀመሪያ ምርመራ ሲደረግላቸው የሆድ ምልክቱን ብቻ ነግረው እንዳያበቁ እናሳስባለን። ሳል እንዳለ፣ ጣዕምና ሽታ እንደጠፋ፣ በቤት ውስጥ ሌላ የታመመ ሰው እንዳለ፣ የተወሰደ መድኃኒት ካለም ስሙ ወይም ማሸጊያው ቢቀርብ የባለሙያውን ውሳኔ ያፋጥናል።

ሆስፒታል ተኝቶ በሚታከም ሰው ላይ የሚታይ ተቅማጥ ሁሉ ከቫይረሱ የመጣ ነው ማለት አይደለም። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች ራሳቸው ተቅማጥ ያስከትላሉ። ስለዚህ አስታማሚዎች የተቅማጡን መጀመሪያ ቀንና ብዛት ለነርሷ ቢነግሩ መልካም ነው፤ መድኃኒቱን ግን በራሳቸው ማቋረጥ የለባቸውም። በታማሚ ዓይነ ምድር ውስጥ የቫይረሱ ዘረመል ለቀናት ሊቆይ ስለሚችል፣ ዋናው መተላለፊያ መንገድ ትንፋሽ ቢሆንም፣ ከመጸዳጃ በኋላና ታማሚን ካጸዱ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው።

በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባው ቀዳሚ ነገር የወጣውን ፈሳሽ መተካት ነው። አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ጥቂት በጥቂት ይጠጣል፤ ከ24 ሰዓት በላይ የቆየው ይደፋል። ጡት የሚጠባ ሕፃን ጡት መጥባቱን አያቋርጥም። አረጋውያን፣ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን የፈሳሽ እጥረትን የመቋቋም አቅማቸው አነስተኛ ስለሆነ ቀን መቁጠር የለባቸውም። ትንፋሽ ካጠረ፣ የሽንት መጠን ከቀነሰ፣ ዓይን ከሰረጎደ፣ ንግግር ከተዘባረቀ ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የሩዝ ውኃ የመሰለ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ፈሳሽ የሚያስወጣ ተቅማጥ ደግሞ ኮሌራ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መነገር አለበት።

የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ ማብቃት አስታውቋል። እስከዚያ ድረስ በኢትዮጵያ ከ500 ሺህ በላይ ሰዎች መያዛቸውና ከ7 ሺህ 500 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተመዝግቧል። ቫይረሱ ግን አልጠፋም፤ ኢንፍሉዌንዛም በተለይ በሕፃናት ላይ ማስመለስና ተቅማጥ ያስከትላል። ለተጨማሪ መረጃ በነጻ የስልክ መስመሮች 952 ወይም 8335 መደወል ይቻላል።