የሞጆ ፍሳሽና የሸምበቆ ሥር

ቆዳ ሲለፋ ጨው፣ ኖራ፣ ሰልፋይድና ክሮሚየም ከውኃው ጋር ይወጣሉ። የሞጆ ወንዝ ይህን የቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ተሸክሞ ቆቃ ሐይቅ ይገባል፤ ከዚያም አዋሽ ይቀጥላል። በዳርቻው አትክልት የሚያለማ፣ ከብት የሚያጠጣ ሕዝብ አለ።

መድኃኒቱ ከብዙ አገር ተሰባስቦ ነው የመጣው። ጀርመናዊቷ ተመራማሪ ኬተ ዛይደል የረግረግ ዕፅዋት ቆሻሻ ውኃን እንደሚያጠሩ በ1950ዎቹ መሞከር ጀመሩ። በኋላም በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የባዮቴክኖሎጂ ምርምር መረብ ባዮ-ኧርን የኢትዮጵያን፣ የኬንያን፣ የታንዛኒያንና የኡጋንዳን ባለሙያዎች አገናኘ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ዘዴውን በሞጆ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ላይ ፈተኑት።

መጀመሪያ አየር በማያገኝ ገንዳ ውስጥ ባክቴሪያዎች የሚበሰብሰውን ይፈጫሉ። ቀጥሎ ውኃው ሸምበቆና ፊላ በበቀሉበት ጠጠር ውስጥ ያልፋል። ተክሉ በግንዱ ወደ ሥሩ አየር ያወርዳል፤ እዚያ የሰፈሩ ተሕዋስያን አሞኒያን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ኦክስጅን በሌለበት ጥግ ደግሞ ሌሎቹ ናይትሬቱን ናይትሮጅን ጋዝ አድርገው ይለቁታል። ድንቅ የሥራ ክፍፍል ነው!

ክሮሚየም ግን አይበሰብስም።

በደለሉና በሥሩ ይጠራቀማል፤ የታጨደው ሸምበቆም ለከብት መኖ መዋል የለበትም። ስለዚህ ክሮሚየሙ ከፋብሪካው ሳይወጣ ተለይቶ መያዝ አለበት።

የውጭ ድጋፍ ገንዳ ያስገነባል፣ ተመራማሪ ያሠለጥናል። ሸምበቆ የሚያጭደውን፣ ደለል የሚጠርገውንና ውኃውን በየጊዜው የሚለካውን ሠራተኛ ደመወዝ ግን ፋብሪካዎቹ ሊሸፍኑ ይገባል። አጋር አገሮችም ቀጣዩን የድጋፍ ስምምነት ሲፈርሙ ይህን ወጪ ከግንባታው እኩል ያስገቡት።